ቅበላ ላይ የተቋረጠው ፊልም

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጄ ቤቲ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ፣ ውጭውም ያ የደብረ ማርቆስ ብርድ ከነካፊያው ስለነበረ፣ ሁለታችን አንድ ጋቢ ተከናንበን ሶፋው ላይ የሕንድ ፊልም ስናይ ዋልን። «እማ፣ ይሄን ካልወደድሽው ሁለተኛ ፊልም አልመርጥልሽም» ብላ ነው የከፈተችልኝ። ፊልሙ የተሠራው በቅርቡ ነው፤ ሆን ብለው ግን የድሮ ዘመን አስመስለውታል። ወንዶቹ ከጉልበታቸው በታች እንደ ጥሩምባ የሚሰፋ ሱሪ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው ጆሯቸውን ሸፍኗል፣ ሴቶቹ የዓይናቸውን ኩል ጅራት አውጥተውለታል፤ ስልኩ ጣት እያስገቡ የሚያዞሩት ዓይነት ነው፣ ራዲዮው የመንገደኛ ሻንጣ ያህላል፣ አምፖሉ እንኳ ያንን ልጅ ሆነን የምናውቀውን ቢጫ ብርሃን ነው የሚሰጠው። ገና ታሪኩ ሳይጀመር በዕቃው ብቻ ልቤ ቀለጠ።

ታሪኩ ደግሞ የሌባ ነው፤ ግን የሚያስቅ ሌባ። አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ሌቦች የሙሽራዋን የወርቅ ሐብል ሊሰርቁ ስንት መከራ አይተው የሰርጉ ቤት ይገባሉ፤ ሣጥኑን ሲከፍቱት ባዶ ነው። ሐብሉን ሌላ ሰው ቀድሟቸዋል። ከዚያ በኋላ ሌቦቹ ራሳቸው «የዘንድሮ ሰው ምን ዓይነት ነው!» ብለው እየተናደዱ ሌባ ፍለጋ ይነሳሉ። ወፍራሙ ወጥ ሠሪ ነኝ ብሎ ወጥ ቤት ይገባል፣ ቀጭኑ ሳሪ ለብሶ የሙሽራዋ የሩቅ አክስት ሆኖ ከሴቶቹ መሐል ይቀመጣል፤ አንድ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌም ዓይኑን ይጥልበታል። እኔ ስስቅ ጋቢው ከላዬ ወረደ፤ ቤቲም ፊልሙን ትታ እኔን እያየች ትስቅ ጀመር።

ከዚያ ኢንስፔክተሩ መጣ። የሰርጉን ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ አሰለፈና ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ከዳር ጀምሮ ፊት ፊታቸውን እያየ ማለፍ ሲጀምር ሳቄ ባንድ ጊዜ ቆመ። ይህን ሰልፍ አውቀዋለሁ። ከሙሽራዋ አያት አጠገብ ማን እንደሚቆም፣ ኢንስፔክተሩም ማን ፊት ሲደርስ እንደሚያስነጥሰው አውቃለሁ።

«ቤቲ፣ ይሄን ፊልም አይቼዋለሁ» አልኳት።

«አዲስ እኮ ነው እማ፣ የት ታይዋለሽ?» አለችና ስልኳን ነካካች። ቆይታ «ውይ፣ እውነትሽን ነው። ድሮ የተሠራ ነበር፤ እሱን ነው እንደገና የሠሩት። በይ እንግዲህ፣ መጨረሻውን ታውቂዋለሽ፤ እንዳትነግሪኝ!»

«አላውቀውም» አልኳት። «እኛ ጋ እዚህ ላይ ሲደርስ ነው መብራት የጠፋው።»

ያኔ የምንኖረው በዚችው በደብረ ማርቆስ፣ ከገበያው በላይ ባለ አንድ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ሦስት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ክረምት ከበጋ ጭቃው የማይደርቅ አንድ በር። በስተግራ እኛ ነን። አባቴ አቶ ይግዛው የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ትውልዱ ይጁቤ ገጠር ሆኖ፣ ሙግትና ሥርዓት ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው። እኔና እናቴ «ጨው ማን ጨረሰ?» ተባብለን ብንነታረክ እንኳ እሱ ጋቢውን አጣፍቶ ቁጭ ይልና «ከሳሽ ትቅረብ» ይል ነበር። በስተቀኝ እትዬ ደብሬ ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ የግቢውን ልጆች ሁሉ እንደ ልጃቸው የሚገሥጹ፣ አፋቸው ኃይለኛ እጃቸው ቸር የሆነ ሴት። መሐል ያለው ቤት ግን ገቢ ወጪ የሚበዛበት የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ነበር፤ አንዱ ተዛውሮ ሲሄድ ሌላው ይመጣበታል። እኔ አራተኛ ክፍል ስገባ ከሐረር የመጡት ጋሽ ኑሩ ገቡበት።

ጋሽ ኑሩ የመንገድ ቀያሽ ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ረጅም፣ በር ባለፉ ቁጥር ጎንበስ የሚሉ ሰው። ባለቤታቸው ፈትሂያ ትባላለች፤ ልጃቸው ዘሐራ ደግሞ የኔው እኩያ ነበረች፤ በመጣች ባልንጀራዬ ሆነች፤ ልብሴን ስትለብስ፣ ልብሷን ስለብስ፣ እናቴ ከኋላ አይታ እሷን በኔ ስም እስክትጠራ ደረስን። ዕቃቸው ከመኪና የወረደ ዕለት ግቢው በሙሉ ወጥቶ ያየው ግን ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የመጣውን ቴሌቪዥንና ከሱ ጋር የመጣውን ጥቁር የቪዲዮ ማጫወቻ፣ ዴክ የምንለውን፣ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰንበት በመጣ ቁጥር ከሰዓት በኋላ ሁላችንም እነሱ ቤት ነን። አዋቂዎቹ ወንበርና ፍራሽ ላይ፣ እኔና ዘሐራ ስክሪኑ ሥር ምንጣፍ ላይ፣ አንገታችን እስኪደነዝዝ አንጋጠን።

የሚታየው ሁልጊዜ የሕንድ ፊልም ነበር፤ እትዬ ፈትሂያ ሕንድኛ ትሰማለችና። ማንም አላስተማራትም። ሐረር ልጅ ሆና ሲኒማ ቤት እየተመላለሰች፣ አንዱን ፊልም ደግማ ደጋግማ እያየች፣ ቋንቋው ከዘፈኑ ጋር ገብቶላት ቀረ። ስትተረጉምልን ደግሞ እንደ ሰው ሁሉ ቁጭ ብላ አይደለም። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆማ፣ እየተወነች፣ ለተዋናዮቹ እየመለሰች፣ መሐል ላይ የራሷን ፍርድ ጣል እያደረገች ነው። «ይሄኛው ይዋሻል፣ አትመኑት፣ ዓይኑን አላያችሁም?» ትላለች። የሕንዶቹን ስም እንደማንይዘው ስላወቀች ሁሉንም በመልካቸው ትጠራቸዋለች፤ ወፍራሙ፣ ቀጭኑ፣ አያትየዋ፣ እንግዳው። ሲዘፍኑ ብቻ ዝም ትላለች። «ዘፈን አይተረጎምም አቦ፣ ተዉኝ እኔም ልይበት» ትለን ነበር።

መጀመሪያ ግን ግቢያችንን አስደንግጣው ነበር፤ ምክንያቱም እንደ አገሯ ሰው ትልቅ ትንሽ ሳትል ሁሉንም አንተና አንቺ ነው የምትለው። የንስሐ አባታችን ጸበል ሊረጩ ጎራ ባሉበት ዕለት፣ ከእትዬ ደብሬ በር ላይ ሆና «አባ፣ አንተ ደግሞ ብርድ ላይ ምን ታደርጋለህ? ግባ እንጂ» ስትላቸው እናቴ የያዘችውን ጆግ ልትለቀው ነበር። አባ እንደ ልጅ ከት ብለው ሳቁና ገቡ። እኛ ደግሞ አንቱ ስንላት ትከፋለች፤ «ምን አደረግኳችሁ? ምን አጠፋሁና ከናንተ ታርቁኛላችሁ?» ትላለች። ስለዚህ ባሏን አንቱ፣ እሷን አንቺ እያልን ኖርን፤ አባቴም ሲለምደው ደስ ይለው ጀመር፤ ከመሥሪያ ቤት ሲገባ «ይግዛው፣ ዛሬስ ማንን አሰርክ?» ስትለው ቀኑን ሙሉ የተኮሳተረው ፊቱ ሲፈታ አይ ነበር።

ያ ፊልም የተከፈተው የዐቢይ ጾም ቅበላ እሑድ ነው። ቀኑን ሙሉ ግቢው በልቶ ጠግቧል፤ ነገ ሥጋና ወተት ተሰናብተው የሚሄዱ ዘመዶች ይመስል ሁሉም ተጣድፎ ነው የበላው። እትዬ ደብሬ ለፋሲካ የሚቀመጠውን ቅቤ በእጃቸው እየዳመጡ ማሰሮ ውስጥ ሲያጭቁ ዘግይተው ነበርና፣ ዘሐራ ሄዳ «ፊልሙ ሊጀምር ነው» ብላ ጠርታቸው፣ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው እያብለጨለጨ መጡ። ከዚያ ወፍራሙና ቀጭኑ ባዶውን ሣጥን ከፈቱ፤ ቀጭኑ ሳሪ ለበሰ፤ ሳቁ ቤቱን ሊያፈርሰው ደረሰ፤ አባቴ ሲስቅ ደረቱን ይይዝ ነበር። ኢንስፔክተሩም የሰርጉን ሰው ግቢ ውስጥ አሰለፈና፣ ለሰርጉ የመጣው፣ ማንም የማያውቀው እንግዳ ፊት ሲደርስ አስነጠሰው። ቧ! አለና መብራት ጠፋ።

ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልመጣም። ሻማ ለኩሰን ቆየን፣ የጎረቤት መብራት መጥቶ እንደሆነ በበር እየወጣን አየን፤ ጨለማ ነው። በማግሥቱ መጣ፤ ግን ሰኞ ነው፣ ጾም ገብቷል። እናቴ ሕማማቱን እያሰብን ቁጭ ብለን በዘፈንና በጭፈራ አንስቅም አለች፤ እትዬ ደብሬም አንድ ቃል ሆኑ። ጋሽ ኑሩ ያን ዕለት ያደረጉትን እስካሁን አልረሳውም። ካሴቱን ከዴኩ አውጥተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ እኛ ሁላችን እያየን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጡትና «እንግዲህ እኛም አናየውም። ፋሲካ ዕለት አብረን እንጨርሰዋለን» አሉ። የሚጾሙት ጾም አልነበረም፤ ግን ጾሙልን።

እትዬ ፈትሂያ ፊልሙን ሐረር እያለች አይታው ነበር፤ መጨረሻውን ታውቃለች። ብንለምናት፣ ብንቆጣት፣ እትዬ ደብሬ ሱፍ ፍትፍት ሠርተው ቢያባብሏት ወይ ፍንክች። «ቻሉት፣ ጾም አይደል?» ትልና ትስቃለች። ስለዚህ ያ ጾም የክርክር ጾም ሆነ። አባቴ ሐብሉን የሰረቀው ኢንስፔክተሩ ራሱ ነው ይላል፤ ጋሽ ኑሩ የሙሽራዋ አጎት ነው ይላሉ፤ እናቴ ከወጥ ቤቱ ሰዎች አትወጣም። እትዬ ደብሬ ግን ጥርጥር የለባቸውም። «እንግዳው ነው። የቤቱ ሰው የቤቱን ዕቃ ምን ብሎ ይሰርቃል?» ነው የሚሉት።

በዚሁ መሐል ነው የእትዬ ደብሬ የጋብቻ ቀለበት የጠፋው። መቼ እንደጠፋ እሳቸውም በውል አያውቁትም፤ ቅበላ ዕለት ጧት ጣታቸው ላይ እንደነበረ ብቻ ያስታውሳሉ፤ አንድ ቀን ጣታቸውን ሲያዩት የለም። ቤታቸውን ገለበጡት፣ ፍራሻቸውን በተኑት፣ እኔና ዘሐራም ግቢውን በእንጨት እየጫርን ፈለግን። ሲያጡት ዝም አሉ። አፋቸው ኃይለኛ የሆነ ሰው ዝም ሲል መፍራት እንደሚገባ ያኔ አላውቅም ነበር።

አባቴ አውጫጭኝ እናድርግ ያለው በደብረ ዘይት ሰንበት ነው። አውጫጭኝ ማለት እሱ ልጅ ሳለ አያቱ የነገሩት የጥንት ሥርዓት ነው፤ አንድ አገር ላይ ስርቆት ሲደርስ የአገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ሌባው ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ የሚጠቁመውም ሰው በራሱ ስም «አየሁ» አይልም፣ «ወፍ ነገረችኝ» ነው የሚለው። ዳኛው ደግሞ «ወፏ የት አየሁ አለች?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን በሕንዱ ሐብል ላይ እናድርገው አለ፤ ለጨዋታ። ከቅዳሴ መልስ ቧንቧው አጠገብ በርጩማና ሣጥን ተደረደረ፣ አንድ ሳህን የሽምብራ ቆሎ ከሰው ሰው ይዞራል፣ ፀሐይዋም ሞቅ ብላ ነበር። አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ከዘራውን መሬት ላይ ተክሎ ዳኛ ሆነ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ጋሽ ኑሩ ተነሥተው «ወፍ ነገረችኝ፤ አጎትየው ነው» አሉ። አባቴ «ወፏ የት አየሁ አለች?» አለ፤ «ጢሙ ሥር» ሲሉ ግቢው ፈነዳ። እኔና ዘሐራም እየተቅለሰለስን ተናገርን። ተራው እትዬ ደብሬ ጋ ሲደርስ አልተነሡም። ቆሎውን ከመዳፋቸው ወደ ሳህኑ መለሱና፣ መሬት መሬት እያዩ፣

«የሕንዱን ሐብል ወፌ አላየችውም። የኔን ቀለበት ግን አይታዋለች» አሉ።

ሳቁ ቆመ። አባቴ እዚያች ላይ ማቆም ነበረበት። «እትዬ ደብሬ፣ ይሄ ሌላ ነው» ብሎ ከዘራውን ነቅሎ መነሣት ነበረበት። ግን ዳኝነቱ ጥሞታል፣ ሥርዓቱም ምላሱ ላይ ነበር፤ እንዲያው በልማድ፣ በዚያው በጨዋታው ድምፅ፣

«ወፏ የት አየሁ አለች?» አለ።

«ቴሌቪዥን ካለበት ቤት። ቅበላ ዕለት ቤቴ የገባች ያቺ ልጅ ብቻ ናት።»

ዘሐራ ከጎኔ ነበረች። እጇን ከእጄ ውስጥ ሳበች። ጋሽ ኑሩ ቀስ ብለው ቆሙና «ቤቴ ይፈተሽ» አሉ፤ ሁለት ጊዜ አሉት፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። አባቴ «ኧረ ጨዋታ ነው፣ ኧረ ጋሽ ኑሩ፣ ጨዋታ እኮ ነው» እያለ ከወዲያ ወዲህ ቢልም ነገሩ ካፍ ወጥቷል። እትዬ ፈትሂያ፣ ያቺ ለተዋናዮች እንኳ መልስ የማታጣው ሴት፣ ልጇን ከጎኔ አንሥታ ይዛት ገባች።

ቤቱን ማንም አልፈተሸውም። ይቅርታ የጠየቀም የለም፤ ሁሉም ነገሩ በራሱ እስኪበርድ ይጠብቅ ነበር። እትዬ ደብሬ በራቸውን ዘጉ፣ እናቴና እትዬ ፈትሂያ ቧንቧ ላይ ሲገናኙ ባልዲያቸውን እያዩ ሰላም ይባባላሉ። ጋሽ ኑሩ ቀደም ሲል ባሕር ዳር እንዲዛወሩ ተጠይቀው «አገሩን ወደድነው፣ እዚሁ እንቆያለን» ብለው ነበር፤ አሁን እሺ አሉ። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ዕቃቸው ተጫነ።

አባቴ ያን ጧት ወጥቶ ዕቃ ሊያነሣ ሲል እትዬ ፈትሂያ የያዘውን ሻንጣ ከእጁ ተቀበለችው። «አይድከሙ፣ አቶ ይግዛው» አለችው። አባቴ ያ አንቱታ ፊቱ ላይ ሲያርፍበት አየሁት፤ በጥፊ ብትለው ይሻለው ነበር። ቀጥላ፣ ሳትቆጣ፣ «መጨረሻውን ቢያዩት ኖሮ ያቺን ጥያቄ አይጠይቁም ነበር» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ማናችንም አልገባንም፤ አባቴ ወቀሳ መሰለውና አንገቱን ደፋ።

እኔ መናኸሪያ ድረስ ተከተልኳቸው። ዘሐራ አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ የኔን ሰማያዊ ሹራብ እንደለበሰች፣ መስታወቱን ገፋ አድርጋ አንገቷን አወጣች። ድንገት ዓይኗ በራ አለና፣

«መጨረሻውን ልንገርሽ? እማ ነግራኛለች። ሐብሉ እኮ...»

ሁለት ጆሮዬን በእጄ ደፈንኩ። «አትንገሪኝ! አትንገሪኝ፣ አብረን እናየዋለን!» አልኳት። ሳቀችና አፏን በመዳፏ ሸፈነች። እንደዚያው ሸፍና፣ በዓይኗ ብቻ እየሳቀች ሄደች።

ቅዳም ሹር ከሰዓት በኋላ፣ ካህናቱ ያደሉን ቄጠማ ግንባራችን ላይ እንደታሰረ፣ እናቴ የዶሮውን ሽንኩርት ስታቁላላ እትዬ ደብሬ በራችን ላይ መጥተው ቆሙ። አልገቡም። ቀኝ እጃቸው እስከ አንጓው ቅቤ ነው፤ መዳፋቸውን ዘርግተው ለአባቴ አሳዩት። ቀለበቱ መዳፋቸው ላይ ነበር። ቅበላ ዕለት ቅቤውን ሲዳምጡ ከጣታቸው ሾልኮ ማሰሮው ውስጥ ገብቶ፣ ጾም ነውና ማንም ሳይከፍተው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ክዳኑ ሥር ተቀምጦ ኖሯል። «ይግዛው፣ ምን ይሻለኛል?» አሉ። አባቴ ቄጠማውን ከግንባሩ አወረደና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሽንኩርቱ አርሮ ሽታው ቤቱን ሞላው።

በማግሥቱ፣ በፋሲካው፣ አባቴ ሽማግሌ ይዤ ባሕር ዳር እሄዳለሁ፣ እትዬ ደብሬንም ይዤ እግራቸው ላይ እንወድቃለን አለ። ልቡ እንደዚያ ነበር፤ እመሰክርለታለሁ። ግን መጀመሪያ «ዳግማይ ትንሣኤ ይለፍ» አለ፤ ቀጥሎ ችሎት በዛበት፤ ቀጥሎ ክረምት ገባና መንገዱ አስቸገረ፤ «እንግዲህ ለመስቀል» ተባለ። ሐፍረት መሆኑን እናቴ ታውቅ ነበር፤ እኔም ያወቅሁት ትልቅ ሆኜ፣ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ደጅ ቆሜ እጄ በሩን ለማንኳኳት እምቢ ባለኝ ጊዜ ነው። በዓመቱ አንድ ሰው ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ ላክንበት፤ ተዛውረው ሄደዋል፣ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም የሚል መልስ ይዞ መጣ። እትዬ ደብሬ ቀለበቱን ዳግመኛ ጣታቸው ላይ አላደረጉትም። አባቴም አውጫጭኝ የሚለውን ቃል ሁለተኛ ከአፉ አላወጣም፤ እኛ ስንጣላ «ከሳሽ ትቅረብ» ማለቱንም ተወ፤ እኔ ከሁሉም ይልቅ የናፈቀኝ ያ አባባሉ ነው።

አባቴ ያረፈው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በመጨረሻው ሰሞን አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ስለ አዝመራ፣ ስለ ዝናብ ስናወራ ቆይተን፣ ድንገት «እኔ እምለው፣ ያ ፊልም መጨረሻው ምን ሆኖ ይሆን?» አለኝ። የትኛው ፊልም ብዬ አልጠየቅሁትም። «ኢንስፔክተሩ ነው እንዳልከው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «አይመስለኝም» አለ። የሚጠይቀኝ ስለ ፊልሙ እንዳልነበር አውቃለሁ።

«እማ፣ ልቀጥለው?» አለችኝ ቤቲ።

ቀጥይው አልኳት። ኢንስፔክተሩ አስነጠሰ፤ አስነጥሶም እንግዳውን አንገትጌውን ይዞ ጎተተው። እንግዳው ደሃ ነው፣ ከሩቅ የመጣ ነው፣ የሰርጉ ሰው ሁሉ በሱ ተስማማ። ወፍራሙና ቀጭኑ ብቻ «ይሄ ሰው የኛ ሙያ የለውም» ብለው ይከራከሩለታል። ያስቃል፣ ቤቲ በሳቅ እየተንፈራፈረች ነው። እንግዳው በሰንሰለት ታስሮ ሊወጣ ሲል አያትየዋ ምሳ ይቅረብ አለች፤ ከምሳው ጋር የሚበላ በጨው የታሸ ሎሚ፣ ሕንዶቹ በዘይትና በበርበሬ ዘፍዝፈው ማሰሮ ውስጥ የሚያቆዩት፣ ይምጣ አለች። ቀጭኑ እጁን ማሰሮው ውስጥ ከተተ፤ አልወጣ አለው፤ ወፍራሙ ማሰሮውን ይዞ ሲጎትት ተያይዘው ወደቁ፣ ማሰሮው ተሰበረ፣ ሐብሉም ዘይት እያንጠባጠበ ቀጭኑ ጣት ላይ ተንጠልጥሎ ወጣ። አያትየዋ ነበረች። ከሣጥኑ አውጥታ አንገቷ ላይ አድርጋው፣ ሎሚውን ስታሽ ወድቆባት፣ ረስታው፣ ክዳኑን ከድናበት ኖሯል።

ቤቲ «ማንም አልሰረቀውም እኮ!» እያለች ታጨበጭባለች። የሰርጉ ሰው እንግዳው እግር ላይ ወደቀ፣ ኢንስፔክተሩ ሰንሰለቱን ፈታ፣ ወዲያው ከበሮው ተመታ፤ ሁሉም፣ ከሳሹም ተከሳሹም ሌባውም፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው መጨፈር ጀመሩ። አንድ ዘፈን ሳያልቅ ይቅር ተባባሉ። እትዬ ፈትሂያ ብትኖር እዚህ ላይ ዝም ብላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ታይበት ነበር።

ያን ጧት ሻንጣውን ከአባቴ እጅ ስትቀበል ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ አሁን ነው። ልንገረው ብል አባቴ የለም። እትዬ ደብሬም የሉም። ዘሐራ በሕይወት ካለች የኔን ዕድሜ ያህል ሴት ናት፤ በየት አገር፣ በማን ግቢ እንዳለች አላውቅም። ቤቲ ስሟን ስልኳ ላይ ጽፋ ልትፈልግልኝ ሞከረች፤ ብዙ ዘሐራ ወጣ፣ አንዷም እሷ አይደለችም።

ሌሊቱን ግን የማስበው መናኸሪያውን ነው። ጆሮዬን ባልደፍን ኖሮ፣ «ማሰሮ ውስጥ ነው» ስትለኝ ብሰማ፣ የዚያ ዕድሜ ልጅ አፏ አይቋጥርም፤ እየሮጥኩ ግቢ ገብቼ ለሁሉም እጮህ ነበር። እትዬ ደብሬ ምናልባት «ዝም በይ፣ አንቺ ደግሞ» ይሉኝ ነበር። ምናልባት ግን ቅቤ የዳመጡበት ቀን ትዝ ብሏቸው፣ ጾሙን ትተው ያንን ክዳን ያነሡት ነበር። ግቢያችን ከመናኸሪያው ሩቅ አልነበረም፤ አውቶቡሱም ያን ሰዓት ጣሪያው ላይ ዕቃ እየተጫነበት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ገና እንደቆመ ነበር።